ከበሩ ያልተነሱት ተረኛ

ተረቴ ይኸውላችሁ። ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል፤ የሚፈራ ደግሞ መሀል ይግባ። ዳር ተቀምጦ የደነገጠ ሰው ኋላ እኔን እንዳይወቅሰኝ።

ከወንዙ ወዲያ ከተማው ነው፤ ከወንዙ ወዲህ እንኮይ በር የምትባል ትንሽ ቀበሌ ነበረች። በእንኮይ በር ደግሞ ደብሬ የምትባል ልጅ ነበረች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች፤ ውጤቷ ደህና ነው፤ ጉልበቷም ደህና ነው፤ ወሬ ላይ ብቻ የለችበትም፤ ካልጠየቋት አትናገርም። ይህች ልጅ አንድ ነገር አማራት። ጫማ አይደለም፤ ባልም አይደለም። ከተማው ካለው የጤና ኮሌጅ ገብታ ነርስ መሆን አማራት።

ለምን አማራት ብትሉኝ፣ እህት ነበረቻት፤ ስንቄ የምትባል ታላቅ እህት። በሐምሌ ስንቄን ምጥ ያዛት። የቀበሌው ጤና ኬላ ዝግ ነበር። በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ከተማው ሊያሻግሯት ሲሉ ወንዙ ሞልቶ አላሳልፍ አለ። እዚያው ዳሩ ላይ ዝናብ እየወረደባት ሞተች፤ የሆዷም ልጅ አብሯት ሄደ። ደብሬ ከራስጌዋ ጃንጥላ ይዛ ቆማ ነበር። ጃንጥላ ከመያዝ ሌላ የምታውቀው አንዳች ነገር አልነበራትም። ከዚያ ቀን ወዲህ እህል ሲቀርብላት እንኳ ይኸው ነገር ነበር የሚያምራት።

መስከረም ገባ፤ ኮሌጁ ምዝገባ ጀመረ። ደብሬ ሐሙስ ጠዋት ቅጿን ሞልታ፣ የትምህርት ማስረጃዋን በላስቲክ ጠቅልላ፣ ወንዙን ተሻግራ ሄደች። በመስኮቷ ውስጥ ወይዘሮ ዘነቡ የሚባሉ ሬጅስትራር ተቀምጠዋል፤ መነጽራቸው ከአፍንጫቸው ጫፍ ላይ ነው። ወረቀቱን አንድ በአንድ አገላበጡ። ውጤቱ ይበቃል፤ ፎቶውም ጥሩ ነው። የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ግን የለም። የእንኮይ በር ልጅ መሆኗን ቀበሌው በማኅተም ካልመሰከረላት መስኮቷ አትቀበልም። ምዝገባው ነገ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ካለፈ ለከርሞ ነው። ከከርሞ በፊት ደግሞ ሐምሌ አለ፤ ሐምሌ ማንንም አይጠብቅም። በቀበሌው ስንት ሴት አርግዛ እንዳለች ደብሬ ቆጥራ ታውቃለች፤ አራት ናቸው።

መስኮቷ ቅጹን አልቀበል አለች፤ ደብሬ ደግሞ ነርስ መሆን አምሯታል።

እግሯን አንስታ ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሮጠች። ጋሽ ደምለው የሚባሉት ጸሐፊ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ነገሩን ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው ደብዳቤውን ጻፉላት። ከመሳቢያቸው ማኅተሙን አወጡና ወረቀቱ ላይ ጫን አደረጉት። ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ቀረ። እንደገና ጫኑት፤ አሁንም ነጭ ነው። በዚህ ጊዜ ከማኅተሙ እንጨት ውስጥ ቀጭን ድምፅ ወጣ። በደረቀ አፌ ደብዳቤ አልመታም፣ አለ።

ደብሬ ቀልቧ ተገፈፈ። ጋሽ ደምለው ግን አልደነገጡም፤ እንዲያውም ቀና ብለው ማየቱም ሰልችቷቸዋል። ከሚያዝያ ጀምሮ እንዲህ ነው አሉ። የልደት ወረቀት የለም፣ የጋብቻ ወረቀት የለም፣ የመሬት ወረቀት የለም። ሰው ይወለዳል፣ ሰው ይጋባል፤ ቀበሌው ግን አያውቅም።

ማኅተሙ ደብዳቤውን አልመታ አለ፤ መስኮቷ ቅጹን አልቀበል አለች፤ ደብሬ ደግሞ ነርስ መሆን አምሯታል።

ማኅተሙ የሚነከርበትን የቀለም ስፖንጅ ከቆርቆሮው ከፍታ አየችው። ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ታዲያ ውሃ ጠብ አድርገውበት አይርስም ወይ ብላ ጠየቀች። ጋሽ ደምለው ፈገግ አሉ። የወንዝ ውሃ ሞክረው ነበር፤ የአንዱ ሕፃን ልደት በጭቃ ተመዘገበ። ሌላም ነገር ሞክረው ነበር፤ እሱን ለልጅ አይነግሩም። ስፖንጁ ከቆርቆሮው ሆኖ እያሳለ ተናገረ። እኔ የቧንቧ ውሃ ነው የለመድኩት፣ ሌላ ጉሮሮዬ አይወርድም፣ ማኅተሙንም አላርስም፣ አለ። አያችሁት የስፖንጅ ቅብጠት?

ስፖንጁ ማኅተሙን አላርስ አለ፤ ማኅተሙ ደብዳቤውን አልመታ አለ፤ መስኮቷ ቅጹን አልቀበል አለች፤ ደብሬ ደግሞ ነርስ መሆን አምሯታል።

ቧንቧው ከጽሕፈት ቤቱ ጓሮ ነው። ደብሬ ወጥታ ብታይ ጄሪካኖች ተሰልፈዋል፤ ቢጫው፣ ሰማያዊው፣ ክዳኑ የጠፋው። ባለቤቶቻቸው ግን የሉም። ከሚያዝያ ጀምሮ ተራ ይዘው የቆሙ ጄሪካኖች ናቸው፤ በመሀላቸው ሣር በቅሎ እስከ እጀታቸው ደርሷል። በዚያ በጠራራ ፀሐይ አንድ ወፍ እንኳ አልነበረም። ደብሬ በሰልፉ ጎን አልፋ ቧንቧውን ጠመዘዘችው። ቧንቧው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ትንፋሹም ቀዝቃዛ ነበር። ምንጩ ሳይሞላኝ ምን ላጠጣ፣ አለ። ይህን ሲል ጄሪካኖቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ኳ ኳ አሉ። ነፋስ ግን አልነበረም።

ቧንቧው ስፖንጁን አላጠጣ አለ፤ ስፖንጁ ማኅተሙን አላርስ አለ፤ ማኅተሙ ደብዳቤውን አልመታ አለ፤ መስኮቷ ቅጹን አልቀበል አለች፤ ደብሬ ደግሞ ነርስ መሆን አምሯታል።

ወደ ምንጩ ወጣች። ምንጩ ከገደሉ ሥር ነው፤ በሲሚንቶ ታጥሮ የብረት ክዳን አለው፤ ክዳኑ ላይ ትልቅ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። እትዬ ዝማም የሚባሉት የውሃ ጠባቂ ከክዳኑ አጠገብ፣ ጀርባቸውን ለሰፈሩ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ከክዳኑ ሥር ውሃው ይንጎራጎራል። ደብሬ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ብረቱ ላይ ብታደርግ፣ ምንጩ ከታች ሆኖ አናገራት። ቧንቧውን ልሞላ እፈልጋለሁ፣ ልብሴ ጠቦኝ ተጨንቄያለሁ፣ ግን የሚፈታኝ መክፈቻ ከሚስማሩ አልወርድም ብሏል፣ አላት። መክፈቻው የት ነው ብላ እትዬ ዝማምን ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ወደ ታች፣ ወደ ጤና ኬላው፣ ሳያዩ በአገጫቸው ጠቆሙ።

«ጋሽ ላቀው ዘንድ ነው» አሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ትንሽ አመም አድርጓቸው ነው።»

ደብሬ አፏን ከፍታ ቀረች። ጋሽ ላቀው ሞተዋል። በሚያዝያ ሲቀበሩ እሷም ነበረች፤ እትዬ ዝማምም ነበሩ፤ እንዲያውም አልቃሽ ሆነው ሰዉን ሁሉ ያስለቀሱት እሳቸው ነበሩ። ይህን ልትል ስትጀምር እትዬ ዝማም ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። «ይሰማሉ» አሏት።

እንግዲህ ይህን ነገር ላስረዳችሁ። ጋሽ ላቀው የጤና ኬላው ድሬሰር፣ ማለት ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ ነበሩ። የምንጩን የውሃ መድኃኒት የሚጨምሩት እሳቸው ስለሆኑ መክፈቻው እሳቸው ክፍል ሚስማር ላይ ይሰቀል ነበር። ሌላም ሥራ ነበራቸው። የእንኮይ በር ሰው መርዶ እንዲሁ አይወረውርም። ዘመድ ሲሞትበት ማንንም ቢሆን ፊት ለፊት «ሞተ» አይሉትም። መጀመሪያ ትንሽ አመመው ይባላል፤ ቀጥሎ ሐኪም ቤት ገባ ይባላል። ከዚያ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ይመጣሉ፤ ከመሀላቸው ምላሱ የተፈተነ አንድ ሰው ይናገራል። ያ ሰው ጋሽ ላቀው ነበሩ። የሞትን ፊት ያውቁታል፤ ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ አይዋሹም፣ አይቸኩሉምም። ሃያ ስድስት ዓመት የቀበሌውን መርዶ ሁሉ የነገሩ እሳቸው ናቸው።

በሚያዝያ ራሳቸው ጋሽ ላቀው ሥራ ላይ እንዳሉ፣ ወንበራቸው ላይ ድንገት አረፉ። ሰዉ አለቀሰ፤ ቀበረ፤ ድንኳን ጣለ፤ ሰልስት ወጣ። ለሩቅ ዘመድ ተላከ፤ ለቅርቡ ተነገረ። አንድ ሰው ብቻ ተዘለለ። ለጋሽ ላቀው ለራሳቸው የነገረ የለም። እንዲህ ያለውን የሚናገረው ሰው እሳቸው ነበሩና ማንም ተነስቶ እኔ ልሂድ አላለም። ሳምንት ሳይሞላ ከተዘጋው ጤና ኬላ ሳል ይሰማ ጀመር። የመርፌ መቀቀያው ክዳን ይንቀጫቀጫል። አልኮል ይሸታል። ሰዉም እንደ ልማዱ «ትንሽ አመም አድርጓቸው ነው» እያለ በሩቁ ያልፋል።

መክፈቻው ምንጩን አልፈታ አለ፤ ምንጩ ቧንቧውን አልሞላ አለ፤ ቧንቧው ስፖንጁን አላጠጣ አለ፤ ስፖንጁ ማኅተሙን አላርስ አለ፤ ማኅተሙ ደብዳቤውን አልመታ አለ፤ መስኮቷ ቅጹን አልቀበል አለች፤ ደብሬ ደግሞ ነርስ መሆን አምሯታል።

ቤቷ ገብታ ለአባቷ ነገረቻቸው። አባቷ መሶባቸውን ገፋ አደረጉ። እዚያ በር አጠገብ አትደርሺም፣ ትምህርቱ ይቅርብሽ አሉ። ለምን እንደሆነ አልተናገሩም፤ እሷም አልጠየቀችም። ሁለቱም ያውቁታል። ስንቄን የተሸከሙ ሰዎች ከመንገዳቸው ወጥተው መጀመሪያ የሄዱት ወደ ጤና ኬላው ነበር። አባቷ በሩን ሲያንኳኩ ከውስጥ መልስ መጣ። የሚያውቁት ለስላሳ ድምፅ ነው። አራቱ ተሸካሚዎች ቃሬዛውን እንደያዙ በዝናቡ ውስጥ ሮጡ። አባቷም ሮጡ። ደብሬም ሮጠች፤ ጃንጥላውን ይዛ።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ደብሬ ነጠላዋን ዘቀዘቀች። አብሯት የሚሄድ ሽማግሌ አልነበረም። መሄዱን ግን ሄደች። የጤና ኬላው ግቢ ሣር እስከ ወገቧ ነው፤ ማንም አልረገጠውም። በሩ ጋ ስትደርስ ሳል ሰማች። በሩን አንኳኳች። የመለሰው በሩ ራሱ ነበር፤ በዝግታ፣ እንደ ሽማግሌ። መክፈቻው እዚህ ውስጥ ሚስማር ላይ ነው፣ ልሰጥሽ እወዳለሁ፣ ግን ወንበራቸውን አስጠግተው ጀርባቸውን አስደግፈውብኛል፣ እሳቸው ካልተነሱ አልከፈትም አላት።

በሩ መክፈቻውን አልሰጥ አለ፤ መክፈቻው ምንጩን አልፈታ አለ፤ ምንጩ ቧንቧውን አልሞላ አለ፤ ቧንቧው ስፖንጁን አላጠጣ አለ፤ ስፖንጁ ማኅተሙን አላርስ አለ፤ ማኅተሙ ደብዳቤውን አልመታ አለ፤ መስኮቷ ቅጹን አልቀበል አለች፤ ደብሬ ደግሞ ነርስ መሆን አምሯታል።

ከበሩ ጎን መድኃኒት የሚሰጡባት ትንሽ ቀዳዳ አለች። ውስጧ ጨለማ ነው። ደብሬ ወደ ቀዳዳዋ ተጠግታ፣ ጋሽ ላቀው፣ እባክዎ ከበሩ ይነሱልኝ አለቻቸው። ወንበሩ ሲጢጥ አለ።

«አልነሳም ልጄ» አለ ያ ለስላሳ ድምፅ፤ ከጆሮዋ በስንዝር ርቀት። «ተረኛ ነኝ። ተረኛ የሚተካው ሳይመጣ ከቦታው አይነሳም።»

ቀጥለውም አጫወቷት። የሚተካቸው ሰው ዘገየባቸው። በሽተኛም ጠፋባቸው። ሰው ያንኳኳል፤ ግቡ ሲሉት ይሮጣል። ምን እንደነካው አይገባቸውም። ጣራው ያፈሳል፤ የግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ሚያዝያ ላይ ቆሞ ቀርቷል፤ ርቧቸውም አያውቅም። አንቺስ ምን ፈልገሽ መጣሽ ሲሏት፣ ነርስ ልሆን ነው አለቻቸው። በዚህ ጊዜ ጋሽ ላቀው ሳቁ። ደስ የሚል ሳቅ ነበር፤ ለዚህ ነው ያስፈራት።

ጋሽ ላቀው ከበሩ አልነሳ አሉ፤ በሩ መክፈቻውን አልሰጥ አለ፤ መክፈቻው ምንጩን አልፈታ አለ፤ ምንጩ ቧንቧውን አልሞላ አለ፤ ቧንቧው ስፖንጁን አላጠጣ አለ፤ ስፖንጁ ማኅተሙን አላርስ አለ፤ ማኅተሙ ደብዳቤውን አልመታ አለ፤ መስኮቷ ቅጹን አልቀበል አለች፤ ደብሬ ደግሞ ነርስ መሆን አምሯታል።

ነርስ ከሆንሽ ልፈትንሽ አሉ ጋሽ ላቀው። ከዚያች ጨለማ ቀዳዳ አንድ እጅ ወጣ። ጥፍሮቹ በሥርዓቱ ተቆርጠዋል። የሸሚዙ እጅጌ ተጠቅልሏል። በክንዱ ጠጉር ላይ ሁሉ አቧራ አርፎበታል፤ የአምስት ወር አቧራ። የልቤን ትርታ ቁጠሪ አሏት፤ አንድ ደቂቃ ሙሉ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔስ እሮጥ ነበር። ደብሬ አንዴ ሮጣ አይታዋለች፤ ሮጣ ምን እንዳገኘች ታውቃለች። እጁን ያዘችው። እጁ ቀዝቃዛ ነው፤ ጠዋት የተነካ ድንጋይ ያህል። አውራ ጣቷን አንጓው ላይ ጫን አድርጋ ጠበቀች። ወዲያው ድው ድው የሚል ነገር ተሰማት፤ ፈጣን፣ ጠንካራ። ልቧ ዘለለ። አለ፣ ይመታል አለች። ጋሽ ላቀው በየትኛው ጣትሽ ነው የያዝሽው ብለው ጠየቋት። ባውራ ጣቴ አለች።

«እሱ የራስሽ ነው» አሉ፤ ሳይቆጡ። «አውራ ጣት የራሱ ትርታ አለው፤ ያታልላል። ሁለቱን ጣቶችሽን አድርጊ።»

ሁለቱን ጣቶቿን አደረገች። ጠበቀች። ምንም የለም። ትንሽ ወደ ላይ ፈለገች፤ ምንም የለም። ወደ ታች ፈለገች፤ ምንም የለም። ደቂቃው አለቀ። ስንት ሆነ አሏት።

ሰባ ሁለት ማለት ትችል ነበር። ሰባ ሁለት ብትላቸው ደስ ይላቸዋል፤ ጎበዝ ልጅ ብለው ይነሱላት ይሆናል። እውነቱን ብትነግራቸው ደግሞ ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም፤ ሞክሮት የሚያውቅ ሰው የለምና። እጁ እጇ ውስጥ ነው፤ ሊይዛትም ይችላል። ኮሌጁን አሰበች፤ አሥራ አንድ ሰዓትን አሰበች።

«የለም» አለች።

«በደንብ ፈልጊ።»

«ፈልጌያለሁ። ትርታ የለዎትም፣ ጋሽ ላቀው።» እጃቸውን ሳትለቅ ዘንበል አለች። ቃሉን ከሳቸው ከራሳቸው ነበር የሰማችው፤ በሰው ቤት ሁሉ ሲሉት። «እግዜር ያጥናዎት። አርፈዋል። ሚያዝያ ሃያ ሁለት፣ ከምሳ በኋላ፣ እዚሁ ወንበርዎ ላይ ነው። ቀብረንዎታል። ሰው ሁሉ ነበር።»

የመቀቀያው ክዳን መንቀጫቀጡን አቆመ። እጁ ግን አልተነቃነቀም። ባለቤቴን ማን አረዳት አሉ ጋሽ ላቀው። ማንም አላረዳቸውም፣ ምሳ ዕቃውን ሊወስዱ መጥተው ያገኙዎት እሳቸው ናቸው አለቻቸው። አመመኝ ወይ አሉ። አላመመዎትም፣ እርሳስ ይዘው ነበር አለች። ከዚያ ጋሽ ላቀው አለቀሱ። ሰው ለራሱ ሲያለቅስ ደብሬ ሰምታ አታውቅም። ለቅሶ እንደሚደረስ ከቀዳዳዋ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች፤ እጃቸውን ይዛ አብራ አለቀሰች። ፀሐይ ወጣች፤ ሰዓቱ ሄደ፤ አልተነሳችም። እያለቀሰችም የራሷን አወጣችው። በሐምሌ እህቴን ይዘን ያንኳኳነው እኛ ነን፤ እኔም ሮጫለሁ አለቻቸው።

«ሰምቻታለሁ» አሉ። «እጇን ስጡኝ ነበር ያልኳችሁ።»

ደብሬ ያንን ከሐምሌ ጀምሮ ሆዷን ሲበላት የነበረውን ጠየቀች። «ብንሰጥዎት ትድን ነበር?»

ጋሽ ላቀው እውነቱን ተነግሯቸዋልና እሳቸውም አልዋሿትም። «አላውቅም ልጄ። ብቻዋን ግን አትሆንም ነበር።»

ከዚያ፣ በይ ተረከቢኝ አሏት። ገና አልተማርኩም አለች። ተማሪና ነዪ አሉ። እጁ ከእጇ ቀስ ብሎ ወጣ፤ ወንበሩ ተገፋ፤ በሩ ትልቅ ትንፋሽ ተንፍሶ በራሱ ተከፈተ። ደብሬ ገባች። ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። ወለሉ አቧራ ነው፤ ከራሷ በቀር የማንም እግር አላረፈበትም። ቀን መቁጠሪያው አለ፣ ሚስማሩ አለ፣ ሚስማሩ ላይ መክፈቻው አለ። መክፈቻው ጣቷ ገና ሳይነካው ወደ እጇ ወደቀ።

አሁን አትያዙኝ፤ እኔም እንደ ደብሬ ልሩጥ። ጋሽ ላቀው ከበሩ ተነሱ፤ በሩ መክፈቻውን ሰጠ። ደብሬ ወደ ምንጩ ወጥታ ለእትዬ ዝማም ሞተዋል፣ ነግሬያቸዋለሁ አለቻቸው፤ እትዬ ዝማም ከሚያዝያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሰፈሩ ዞረው ተቀመጡ። መክፈቻው ምንጩን ፈታ፤ ምንጩ ቧንቧውን ሞላ። ቧንቧው መጀመሪያ ቡኒ ተፋ፤ ከዚያ ጠራ፤ ሰዎችም ከየቤታቸው እየሮጡ ሣሩን ነቅለው ጄሪካኖቻቸውን ፈለጉ። ቧንቧው ስፖንጁን አጠጣ፤ ስፖንጁ ማኅተሙን አራሰ፤ ጋሽ ደምለው ከወንበራቸው ብድግ ብለው በሁለት እጃቸው ጫኑት፤ ማኅተሙ ደብዳቤውን መታ። ሰማያዊ፣ ክብ፣ አንድ ፊደል ሳይጎድል። የአባቷ ነገርስ ብትሉ፣ ደብሬ ወንዙ ዳር ስትደርስ ቀድመዋት ቆመዋል። አልተቆጧትም። ሱሪያቸውን ሰብስበው እጇን ያዙና አሻገሯት፤ እሷ ዳገቱን ስትወጣ ደግሞ እሳቸው ወደ ጤና ኬላው በር ተመልሰው ለቅሶ ተቀመጡ።

ወይዘሮ ዘነቡ የመስኮቷን መዝጊያ እስከ ግማሽ ድረስ አውርደው ነበር። በቀረው ክፍት ደብዳቤው ገባ። መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡት፤ ማኅተሙን በጣታቸው ነካ አደረጉት፤ ገና አልደረቀም። መስኮቷ ቅጹን ተቀበለች።

አንድ መስመር ባዶ ነው አሉ ወይዘሮ ዘነቡ፤ ልምድ የሚለው። ብዙዎቹ ባዶውን ይተውታል፣ ካለሽ ግን ልጻፍልሽ አሏት። ደብሬ ትንፋሿ ገና አልተመለሰላትም።

«አንድ በሽተኛ አይቻለሁ» አለች።

«ዳነ?»

«አልዳኑም። ግን ነገርኳቸው።»

ወይዘሮ ዘነቡ ብዕራቸውን እንደያዙ ቀና አሉ። በዚያች መስኮት ሃያ ዓመት ተቀምጠዋል፤ ብዙ መልስ ሰምተዋል። የነጠላዋን አዘቃቀዝ አዩ፤ ምንም አልጠየቁም። ባዶው መስመር ላይ «አላት» ብለው ጻፉ፤ የመታወቂያ ቁጥሯንም ሰጧት፤ ሰኞ ትምህርት ይጀመራል አሏት። ደብሬም ተመዘገበች።

ተረቴ ይኸው ነው። የያዝኩትን ሳልደብቅ ነገርኳችሁ፤ እንግዲህ በሰላም ወደየቤታችሁ።